«ሹሽሩሻ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰላም ለቤቱ። ስለ ጥንታዊ የህንድ ትምህርት አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ «ሹሽሩሻ» የሚል የሳንስክሪት ቃል ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ «ለመስማት መፈለግ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «መታዘዝ፣ ማገልገል»። የቱን ልያዝ?

ዋሸራ፦ ሁለቱም ያው ነው እኮ። «ሽሩ» መስማት ነው፤ የግሱ መነሻ ሲደገም ፍላጎት ይጨመርበታል። መስማት የፈለገ ተማሪ ደግሞ መምህሩ ቤት ያድራል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ከብት ይጠብቃል። እኛስ ብንሆን? እናትህ «ይሄ ልጅ አይሰማም» ስትል ጆሮው ታሞ ነው እንዴ?

ከጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ሳትያካማ የሚባል ልጅ አለ። አባቱ ማን እንደሆነ አያውቅም። መምህሩ ዘሩን ሲጠይቀው እናቱ የነገረችውን ሳይደብቅ አወጣው፣ መምህሩም ለዚህ ሐቀኝነቱ ተቀበለውና 400 ከሲታ ላሞች አስነድቶ ላከው። ልጁ «1000 ሳይሞሉ አልመለስም» ብሎ ሄደ። ዓመታት አለፉ። ሲሞሉ መጀመሪያ ያስተማረው ማን መሰላችሁ? ከመንጋው አንዱ ኮርማ! (ይቺን በጣም ነው የምወዳት።)

ፊደል ቆጣሪ፦ ደስ ይላል። «አትማን»ንስ? የሰውን የማይታይ ውስጣዊ ማንነት የሚጠሩበትን ቃል፣ «ራስ» ብዬው ነበር።

ዋሸራ፦ ተው። እርግጥ በሳንስክሪት «ራሱን» ለማለትም ያገለግላል፤ ግን ራስ በእኛ ጭንቅላትም ነው። «ነፍስ» ይቀርበዋል። ነፍስ ከነፈሰ፣ ከእስትንፋስ ጋር እንደሚዛመድ ሁሉ አትማንም ከትንፋሽ ጋር ይያያዛል። በዚያው መጽሐፍ ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ 12 ዓመት ተምሮ ኮርቶ ሲመጣ አባቱ ጨው ውሃ ውስጥ አስጨምሮ አሳደረውና «ከላይ ቅመስ፣ ከመሃል፣ ከሥር» አለው። የትም ጨው ጨው ይላል፣ ግን አይታይም። «አትማንም እንዲሁ ነው፤ ያ አንተ ነህ» አለው። ይሄን «ራስ» ብትለው አንገት ላይ ይቀርብሃል።

ሻይ በሎሚ፦ እኔ ላበላሽባችሁ። ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር አንድ ክረምት ሙሉ ጎመን ሳርም ከረምኩ... ከ«ሀ ሁ» አላለፍኩም። ስለዚህ «አገልግሎት» ሲባል ማን ለማን የሚለው ይነገር። ህንድ በ1969 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለኅብረተሰቡ የሚሠሩበትን ብሔራዊ መርሐ ግብር ስታቋቁም ስሙ ውስጥ የገባው «ሴቫ» (ማገልገል) ነው እንጂ ሹሽሩሻ አይደለም። መሪ ቃሉም «እኔ ሳልሆን አንተ»። አገልግሎቱ ከመምህሩ ደጅ ወጥቶ ሰፈር ገባ ማለት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ልክ ነሽ፣ ለሴቫ «አገልግሎት» ይበቃል። ሹሽሩሻን «ደጅ ጥናት» ብለውስ?

ሻይ በሎሚ፦ ኧረ! ሹመት ሹመት ይሸታል።

ዋሸራ፦ «ረድእነት» በለው። በግእዝ ረድእ ረዳትም ደቀ መዝሙርም ነው። ገዳም ሄደህ ብታይ ለአባ ውሃ የሚቀዳውም ከአባ የሚማረውም ያው አንዱ ልጅ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ጻፍኩት። አርታኢዬ ከሥሩ አስምራ «ረድኤት ለማለት ነው?» ብላ መልሳዋለች።