ሴቶቹ ሙዚቀኞች የት ሄዱ?

የሚሚ እናት፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ልጄ 6ኛ ክፍል ናት፣ ትናንት የሙዚቃ ደብተሯን ሳገላብጥ ከቅዱስ ያሬድ እስከ ሙላቱ አስታጥቄ ድረስ ተጽፏል አንድም ሴት የለችበትም፣ ጭራሽ ክራር ላይ ወንዶቹ ይደርድሩ ሴቶቹ ይዝፈኑ ተብለዋል፣ በጣም ነው የከፋኝ። እናንተ ጋርስ?

ሀብታሙ፦ እንዴ፣ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን እንዴት ይዘሏቸዋል?! በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ የራሳቸውን የፒያኖ ድርሰት በሸክላ ያሳተሙ እኮ ናቸው!

ቲቸር፦ እኔ ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ መጽሐፉ እስኪቀየር አልጠበቅኩም፣ የአስናቀች ወርቁን ክራር በስልኬ አሰማኋቸው፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ "ቲቸር እኔም ልሞክረው?" አለችኝ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ክራሩ በተራ ነው የሚዞረው። እህቴ መምህሩን ሄደሽ አናግሪው።

የሚሚ እናት፦ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ፣ የአስናቀችንም ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ።