የጥቅምት ጉዞ ወደ አዲስ አበባ፦ ለጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ ማርቀቂያ

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የጉዞ ሐሳብ እዚሁ ተረቆ ይለቅ። የተመዘገበው ሰው 24 ነው፤ አብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ። ከደብረ ማርቆስ አርብ ተነስተን እሑድ እንመለሳለን። እስካሁን የተጠቆመው ይህ ነው፦ እንጦጦ፣ አንድነት ፓርክ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ሳይንስ ሙዚየም፣ መርካቶ፣ ማታ የባህል ምሽት። ከዚህ ላይ ቀንሱልኝ እንጂ አትጨምሩብኝ።

የደጀኑ አባል፦
መቀነሱ ግድ ነው። ሦስት ቀን ይባል እንጂ ለከተማው የሚተርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጀን ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ግን ከቀሪው ጋር አይነጻጸርም። እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ዳገት። ተሳቢ ከፊት ከገባ ኩርባው ላይ መቅደም አይታሰብም፤ ጀርባ ጀርባውን ማዝገም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከተነሳን ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት እንገባለን። መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው ማታ መናኸሪያ ደውሎ የሚያጣራ ሰው ይመደብ፤ በጨለማ መሄድ ግን ፈጽሞ አይሁን።

ከኮስተሩ ባለቤት ጋር ስንዋዋል የፍሬን ሸራና ጎማ ከመነሻው በፊት እንዲታይ ይጻፍ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ሸራውን ያግለዋል፤ መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ መያዝ ያቆማል። በከባድ ማርሽ ይውረድ። ሆድ የሚረብሸው ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ ደጀን ላይም ሆዱን አይሙላ።

የታሪክ መምህሩ፦
የቅዳሜውን ነገር ለእኔ ተዉት። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አያስፈልግም፤ የሚበቃን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ተሰልፎ ይጠብቀናል፦ እንጦጦ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ። ብዙ ሰው ከፒያሳ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣና ቀትር ላይ ጉልበቱ ያልቃል። እኛ ከላይ እንጀምር። መኪናው እንጦጦ ያውጣን፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ቁልቁል ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል እንጦጦ ማርያም፤ ምኒልክ በ1882 የነገሡባት ናት፣ የሣር ክዳን ያለው ቤተ መንግሥትም አጠገቧ ነው። ከዚያ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ከሕንጻው ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ ጣሊያን እያንዳንዱን እርከን ለፋሺስት ዘመን አንድ ዓመት ብሎ የሠራው ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። ይህን ሳያይ ማንም እንዳይገባ። ከግቢው ሲወጣ የየካቲት 12 ሐውልት አደባባዩ ላይ አለ።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ሰዓት ይበቃል። ድንቅነሽን ለማየት ወደ ምድር ቤቱ መውረድ ነው፤ እዚያ ጊዜ እንስጥ፣ ላይኛው ፎቅ በቶሎ ይታለፍ። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ። ይህን አትቀንሱብኝ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዚሁ ከማርቆስ ጦራቸውን ይዘው የዘመቱበት ድል ነው። የምኒልክ ሐውልትና ጊዮርጊስም እዚያው ናቸው።

አንድነት ፓርክ ይቅር። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ እግር ይፈልጋል። መርካቶም 24 ሽማግሌና አሮጊት ተያይዞ የሚገባበት አይደለም፤ ሰው ሲጠፋ ስንፈልግ ይመሽብናል።

የሉማሜዋ አባል፦
ጋሼ፣ መስመሩ ግሩም ነው፤ ግን ሽሮ ሜዳን በመኪና አሳልፈውናል። ግማሽ ሰዓት ይሰጠን። ለምትገዙ፦ ነጠላውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፣ ሽመናው የሳሳበት ቦታ ወዲያው ይታወቃል። ጥለቱን ደግሞ በእርጥብ መሐረብ ጠርግ ጠርግ አድርጉት፤ ቀለሙ መሐረቡን ከነካው መጀመሪያ ስታጥቡት ነጩን ሁሉ ያበላሸዋል። የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አትግዙ።

የባህል ምሽቱንም እኔ እቃወማለሁ። እስክስታ ለማየት ከጎጃም አዲስ አበባ? ይልቅ እዚህ እንደ ልብ የማናገኘውን ደህና ክትፎ ከቆጮ ጋር እንብላ።

ገንዘብ ያዥ፦
በክትፎው እስማማለሁ፤ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባል የለ! ዋጋ ስትጠይቁ ግን "ቫት ያካተተ ነው ወይ?" በሉ። 15 በመቶው በኋላ ሲደመር የ24 ሰው ሒሳብ ላይ ቀላል አይደለም። የአገልግሎት የሚያስከፍል ቤትም አለ። የናፍጣ፣ የሹፌር አበልና አልጋ በማን እንደሆነ ከውሉ ላይ ይግባ። ደርሶ መልሱና የከተማው ዙረት 660 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ብንይዝ 110 ሊትር ነው። ከጠቅላላው ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ አስቀምጣለሁ፤ ካልተነካ ይመለሳል።

የጾም ነገርስ? የተነሳው ቀን ጽጌ ውስጥ ነው።

የደጀኑ አባል፦
ከኅዳር 7 እስከ 14 ብናደርገውስ? ጽጌ አልቋል፣ የነቢያት ጾም ገና ነው።

የሉማሜዋ አባል፦
ኅዳር 12 ሚካኤልን ረሱት? ዝክር ያለበት ሰው ከቤቱ አይነቃነቅም። አጨዳውም ይደርሳል። የጽጌ ጾም በፈቃድ ነው፤ የሚጾሙት ይመዝገቡና ለብቻቸው ይታዘዝላቸው።

የጤና ባለሙያው አባል፦
ሦስት ነገር ልበል። ክትፎው ለምሳ ይሁን እንጂ ለራት አይሁን። ማታ ቅቤ የጠገበ ሰው እሑድ የዓባይን ኩርባ አይችለውም፤ ግፊት ላለበትም ለሊቱ ከባድ ነው። ራት ሾርባ ወይም ቀለል ያለ ነገር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጥሬም ለብለብም የኮሶ ትል ያመጣል፤ ለብለብ ስለተባለ በሰለ ማለት አይደለም። የሚፈራ ሰው በደንብ የበሰለ ወይም ጥብስ ይዘዝ። ሦስተኛ፣ መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ ኮስተሩ ጣሪያ ላይ አይጫን። የጥቅምት ብርድ ጠዋት እንጦጦ ላይ የዋዛ አይደለም፤ ጋቢ ያዙ።

ገንዘብ ያዥ፦
እስካሁን ጽጌ የሚጾሙ 6 ሰዎች ነግረውኛል። ለ18 ሰው ስንት ክትፎ ይታዘዝ?

የሉማሜዋ አባል፦
ሙሉ ክትፎ ከነአይቡና ጎመኑ ለሁለት ሽማግሌ ይበቃል። 10 ይታዘዝና ጥብስ የሚሹ ካሉ አንድ ኪሎ ተኩል ይጨመር። በዋዜማው ተደውሎ ስንት ጥሬ፣ ስንት ለብለብ፣ ስንት የበሰለ እንደሆነ ይነገር። ሳይነገር 24 ሰው ድንገት ከገባ አንዱ በልቶ ሲጨርስ ለሌላው ገና ይቀርባል። ለጿሚዎቹ ስድስት በየዓይነቱ፤ ቅቤ በነካ ማንኪያ እንዳይወጣ አደራ ይባል።

አርብ ማታም ፒያሳ ኬክ ቤት እንሂድ የምትሉ፣ ቀኑ ጾም ነው። ማኪያቶው ወተት፣ ኬኩ ቅቤና እንቁላል አለበት። ሻይ ወይም ቡና እንጠጣና ኬኩ ለቅዳሜ ይቆየን።

ጸሐፊ፦
ለጉባኤ የሚቀርበውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ "አርብ 12 ሰዓት መነሻ፤ አልጋ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ፣ የውኃ ታንከር ያለው፣ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያልሆነ ወይም አሳንሰር ያለው። ቅዳሜ እንጦጦ፣ ሽሮ ሜዳ 30 ደቂቃ፣ ስድስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ 7 ሰዓት ምሳ ክትፎ፣ 9 ሰዓት ዓድዋ። እሑድ ቅዳሴ በጊዮርጊስ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት መነሻ።" አንድነት ፓርክ፣ ሳይንስ ሙዚየም፣ መርካቶና የባህል ምሽት ወጥተዋል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለየሙዚየሙ አዘጋጃለሁ፤ የመግቢያ ሰዓትና ዋጋውንም በዚያው ደውዬ እጠይቃለሁ።

የደጀኑ አባል፦
አንድ ይጨመር። ኮስተሩ ዋና መንገድ ዳር ቆሞ አይጠብቀንም፤ አሁን አዲስ አበባ ላይ እንደ ድሮው ያገኙት ቦታ ማቆም የለም። በየቦታው መውረጃና መገናኛ ይጻፍ፣ ሹፌሩ መኪና ማቆሚያ ገብቶ ይጠብቅ፣ ስልኩ በሁሉም እጅ ይኑር። መታወቂያም ሁሉም ይያዝ፤ በየበሩ ፍተሻ አለ፣ ቢላዋ በኪሱ የያዘ ሰው 23ቱን ሁሉ ያስቆማል።

የታሪክ መምህሩ፦
እሑድ 4 ሰዓት ከወጣን ደብረ ሊባኖስ ጎራ ማለት ይቻላል?

የደጀኑ አባል፦
ጋሼ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ መገንጠል፣ መሳለም፣ መመለስ ሲባል ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ዓባይን ከ10 ሰዓት በኋላ እንጀምራለን ማለት ነው። ወይ መነሻው 2 ሰዓት ተኩል ይሁን፣ ወይ ይቅር።

ጸሐፊ፦
ሁለቱንም አማራጭ ጽፌ አቀርባለሁ፤ ጉባኤው በእጅ ማውጣት ይወስን።