ለታገተ ሰው ማዋጣት ይቅር ወይስ ይቀጥል?

አንገረብ፦ በቀደም የእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሣና «ከእንግዲህ ለታገተ አናዋጣ፤ እገታውን ያባባስነው እያዋጣን ነው» አለ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ሊደበድበው ነበር። የታገተው የአንድ አባላችን ወንድም ነው፣ ገጠር። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ማራኪ፦ ሰውየው ልክ ነው። እገታ ንግድ ሆኗል፤ ከፋይ እስካለ አይቆምም። ድሮ የሚፈለገው ባለሀብትና ነጋዴ ነበር። አሁን መምህሩም፣ ሹፌሩም፣ ሕፃኑም አልቀረም። ጣሊያን እንደ ፈረንጆቹ በ1991 የታጋቹን ቤተሰብ ሀብት የሚያሳግድ ሕግ አወጣች፤ እገታውም እየቀነሰ ሄደ።

እናት ከአዘዞ፦ ጣሊያን ፖሊስ ነበራት።

እናት ከአዘዞ፦ አንተ ወንድሜ፣ የሚደወለው ከራሱ ከታጋቹ ስልክ ነው። ስሙን አይተህ «ተመስገን፣ ደረሰ» ብለህ ታነሣለህ፤ የማታውቀው ድምፅ ይመልስልሃል። ያኔ ስለ ሕግ ታወራለህ? በ2016 ነሐሴ መጨረሻ እዚሁ ከተማችን ጎንደር ታግታ የተገደለችውን ሕፃን ረሳሃት? ሕዝቡ አደባባይ የወጣው እኮ አንጀቱ አሮ ነው።

የመተማ መንገድ፦ ሕግ ካላችሁ የናይጄሪያ ሴኔትም በእኛ አቆጣጠር በ2014 «ለአጋች የከፈለ ቢያንስ 15 ዓመት ይታሰር» ብሎ ረቂቅ አጽድቆ ነበር። እዚያ እገታ ቆመ እንዴ? እኔ ሹፌር ነኝ። በእኛ መስመር ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን የቀን ሠራተኛው ደመወዙን በኪሱ ይዞ ነው የሚመለሰው፤ አጋቹም ያንን ያውቃል። ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። ግን በ2013 ጦርነቱ ሲነሣ መሣሪያው በየቤቱ ገባ። ከ2015 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ብዙ ገጠር ውስጥ ከሳሽ የሚቀበል ፖሊስ የለም፤ ፍርድ ቤቱም ተዘግቷል። ሥራ የሌለው ወጣት ክላሽ አለው። ከዚህ ሌላ ምን ምክንያት ትፈልጋላችሁ?

ማራኪ፦ ሥራ ያጣ ሁሉ አያግትም፣ ጋሼ። እሱን ሰበብ አናድርገው።

የደምቢያው፦ ስለ ጫካው ብዙ አወራችሁ። አጋቹ ጫካ ነው፤ ጠቋሚው ግን አጠገባችን ቁጭ ብሎ ጠላ ይጠጣል። ማን ሽምብራ እንደሸጠ፣ የማን ልጅ ከዐረብ አገር ብር እንደላከ የሚነግራቸው እሱ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ቆርቆሮ ቤት መሥራት ፈርቷል። ገንዘቡ እያለው ሣር ክዳኑን ይጠግናል።

የተለቀቀውም ቢሆን አልዳነም። ሁለቱን በሬ ሸጦ ይወጣል። ክረምት ሲመጣ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ በራሱ ማሳ የግማሽ ጌታ ሆነ ማለት ነው። ልጁ ትምህርት ያቆምና እረኛ ይሆናል። የቻለ ጎንደር መጥቶ አንዲት ክፍል ይከራያል። መምህሩም ዝውውር ይጠይቃል።

እኔ የምለው አውጫጭኝ ይመለስ። አባቶቻችን ወንጀል ሲፈጸም አገሬውን አንድ ዛፍ ሥር ሰብስበው ጥፋተኛው ሳይወጣ አይበትኑም ነበር። የሚያውቅ ስሙ ሳይጠራ በወፍ ቃል ይናገራል። ጠቋሚው ከወጣ አጋቹ ዐይኑ ጠፋ ማለት ነው።

እናት ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ ክብር ይስጥልኝ፤ ግን በዚህ ዘመን? በድንበር የተጣላ ሁሉ ጎረቤቱን «ጠቋሚ ነው» ብሎ ያስበላዋል። እውነቱን የተናገረውንስ ማታ ማን ይጠብቀዋል?

የደምቢያው፦ እሱ እውነት ነው። ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ካልመሩት ይበላሻል። ቢሆንም ዝም ብሎ መክፈሉን ስንት ዓመት ሞከርነው።

አንገረብ፦ ወደ እድራችን ልመልሳችሁ። አንድ ሐሳብ አለኝ። መዋጮው ይቀጥል፣ ግን በብድር መልክ፤ ቤተሰቡ በሬውን እንዳይሸጥ። መሸጡ ግድ ከሆነ ደግሞ የእድሩ አባል ከገበያ ዋጋ በታች እንዳይገዛ ይታገድ። ሰው መቸገሩን አውቀው በሬውን በግማሽ ዋጋ የሚወስዱት እኮ የራሳችን ሰዎች ናቸው።

ማራኪ፦ ብድሩን ልቀበል። ግን እድሩ ገንዘብ እንዳለው ከታወቀ ቀጥሎ የሚታገተው ሰብሳቢው ነው።

የመተማ መንገድ፦ ስለ በሬው ተስማምቻለሁ። ችግሩ ገዢው አባል አይሆንም፤ በደላላ ነው የሚገዛው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆሞ ማን ይለየዋል?

የደምቢያው፦ ደላላዎቹን እኮ በስም እናውቃቸዋለን።