አራት ሌሊት በደሴት ላይ፦ ሰንበትና ኮሸር ሳይጓደል እንዴት ይሆናል?

የሬሆቮቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ፤ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። በመጪው ጥር እኔና ባለቤቴ ከተጋባን አሥር ዓመት ይሞላናል። በእነዚህ ዓመታት ሁለታችን ብቻችንን ከቤት ውጭ ያደርንበት አንድም ሌሊት የለም። ሦስቱን ልጆች እናቴ ልትይዝልኝ ቃል ገብታለች፤ ከሥራ ያገኘሁት ፈቃድ ግን ለአራት ሌሊት ብቻ የሚበቃ ነው። የምመኘው ሞቃት ባሕርና ኮኮናት ዛፍ ያለበት ደሴት ነው። ባለቤቴን ስጠይቀው «የትም ውሰጂኝ፤ ሰንበቴን ግን አትንኪብኝ» አለኝ። እኔም ከእርሱ አላንስም፤ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ ያልሆነ ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

ፍርሃቴ ከልምድ የመጣ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከነልጆቻችን ወደ ውጭ አገር ወጥተን አንድ የባሕር ዳር ሆቴል አርፈን ነበር። «ኮሸር አለን» ብለውን የሄድን ሲሆን ያገኘነው ግን ሥጋ የሌለበት ሳህን ብቻ ነው። ዓሣውን ሽሪምፕ በጠበሱበት መጥበሻ ሲጠብሱት በዓይኔ አየሁ። ልጆቼ ከቤት ባመጣነው ብስኩትና በሙዝ ሦስት ቀን ሰነበቱ። የክፍሉ በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ካርድ ስለነበር፣ በሰንበት ደግሞ ኤሌክትሪክ ስለማንነካ፣ ሰንበትን ሙሉ በሩ እንዳይዘጋብን ጫማ ወትፈንበት ዋልን።

እባካችሁ የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ። ወዴት ልሂድ? ወይስ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሄጄ ሰንበትን እቤቴ ባከብር ይሻላል?

ሁለት ሻንጣ፦

እህቴ፣ እንኳን ለአሥረኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ። በመጀመሪያ ማልዲቭስን ከሐሳብሽ አውጪ፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው እንዳይገባ በሕግ ከልክለዋል። እኛ የሄድነው ወደ ታይላንድ ነው። በፑኬትም በኮ ሳሙይም ሐበድ የሚባለው የአይሁድ ማኅበር ለመንገደኛ የሚከፍተው ቤት ስላለ ኮሸር ምግብም የሰንበት ማዕድም ታገኛለሽ። ችግሩ የመንገዱ ርዝመት ነው። እስከ ባንኮክ ብቻ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል ትበርሪያለሽ፤ ከዚያ ሌላ አውሮፕላን መጠበቅ አለ። ለአሥር ቀን ቢሆን ያለ ጥርጥር እርሱን እመርጥልሽ ነበር። ለአራት ሌሊት ግን ቀረብ ያለ ደሴት ፈልጊ፤ እሑድ ሄደሽ ሐሙስ ተመለሺ። ሰንበት በመንገድሽ ላይ ካልገባ ጭንቀቱ በግማሽ ይቀንሳል።

የነታንያዋ ነርስ፦

ወንድሜ አይቀየመኝ እንጂ የመጨረሻውን ምክር አልቀበለውም። ከእሑድ እስከ ሐሙስ መሄድ ይቀላል፤ ነገር ግን ዋናውን ቀን ጥሎ መመለስ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ ከሌሊት ሥራ ስገባ እርሱ ይወጣል። ስልክ ሳንነካ በአንድ ጠረጴዛ የምንቀመጠው በሰንበት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከአራት ልጆችና ከእንግዳ ጋር። ስለዚህ ባለፈው ዓመት በየካቲት ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ወደ ዛንዚባር ስንሄድ ሰንበትን ሆን ብለን መሐል ላይ አደረግናት። ረቡዕ ሌሊት ተነሥተን ሐሙስ ደረስን፤ ሰኞ ተመለስን። ልክ አራት ሌሊት።

በአዲስ አበባ በኩል መንገዱ አጭር ነው። ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ዛንዚባር ሦስት ሰዓት አይሞላም። የአውሮፕላኑን ኮሸር ምግብ ትኬት ስትቆርጪ እዘዢ፤ ከመብረርሽ በፊትም ደውለሽ አረጋግጪ። አዲስ አበባ ላይ ከ12 ሰዓት በላይ የምትቆዪ ከሆነ ታንዛኒያ ስትገቢ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ትጠየቂያለሽ፤ ዘመድ ልጠይቅ ብለሽ አንድ ቀን ለማደር ካሰብሽ ይህን አትርሺ። ቪዛውን በኢንተርኔት ቀድመሽ ጨርሺ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የራሷን የጉዞ መድን በ44 ዶላር ማስገዛት ጀምራለች፤ ከቤትሽ የገዛሽው መድን አይተካውም። ወባም ከደሴቲቱ ጨርሶ አልጠፋችም፤ ሐኪም አማክሪ፤ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሆቴል አትያዢ፤ ቤት ተከራዪ። እኛ የተከራየነው በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ኑንግዊ ከሚባለው መንደር ዳር አንድ ክፍልና ወጥ ቤት ያለው ትንሽ ቤት ነው። ገንዘብ ከመላኬ በፊት ለአከራዩ የጻፍኩለት ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ በሩ ነበር። በሩ የሚከፈተው በብረት ቁልፍ ነው ወይ? ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ መብራት አለ ወይ? ግቢው ዙሪያውን የታጠረ ነው ወይ? የከሰል ምድጃ አለ ወይ? ሰውየው ግራ ተጋብቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የበሩን ቁልፍ፣ የአጥሩንና የምድጃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከልኝ። ግቢው ከታጠረ ምግብሽን ተሸክመሽ ከዛፍ ሥር መብላት ትችያለሽ። ከአጥሩ ውጭ ግን በሰንበት ምንም ስለማንሸከም ጠዋት ቁልፉን ግቢ ውስጥ ለዘበኛው ሰጥተን ባዶ እጃችንን ወጣን።

ስለ ምግብ አትጨነቂ፤ እናቶቻችን ለመንገደኛ ያዘጋጁት የነበረው ስንቅ ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ይመስላል። ከቤቴ የያዝኩት ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። አንድ አዲስ ድስት፣ አንድ ቢላዋ፣ መክተፊያና ሁለት ጥቅል የአሉሚኒየም ወረቀት ጨመርኩበት። ሁሉንም በጨርቅ ከረጢት አሰርኩ፤ በታንዛኒያ የፕላስቲክ ከረጢት ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ። የኤሌክትሪክ ማሰሮ ከያዝሽ የእኛ ሶኬት እዚያ አይገጥምም፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ላለው ሶኬት የሚሆን መሸጋገሪያ ግዢ። ማንጎ፣ አናናስና ሙዝ በየመንገዱ አለ፤ ሳይቆረጥ ግዢና በራስሽ ቢላዋ ቁረጪ።

ዓሣውን ከባሕር ዳር ገዛን። ሐሙስ ማታ አንዱን ዓሣ አጥማጅ መቼ እንደሚመለስ ስጠይቀው «ሳአ ሞጃ» አለኝ። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ሊያስተረጉም ሲል ሰውየው ጣቱን ወደ ምሥራቅ ቀስሮ ፀሐይ ስትወጣ የሚሆነውን አሳየን። ለካስ የስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ይቆጠራል! አንድ ሰዓት ያለው የእኛኑ አንድ ሰዓት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በእስራኤል ሰዓት በተናገርኩ ቁጥር በልቤ ስድስት ስቀንስና ስደምር የኖርኩ ሰው ነኝና በባዕድ አገር የእናቴን ሰዓት ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ወረድን። ጀልባዎቹ ኦክቶፐሱንም ሎብስተሩንም ዓሣውንም ባንድ ላይ አሸዋው ላይ ዘርግፈውታል። ኮሸር የሚሆነው ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ ብቻ ስለሆነ ቻንጉ የሚሉትን ቀላ ያለ ዓሣ ክንፉንና ቅርፊቱን እያየሁ ሙሉውን መረጥኩ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ሳነሣው ቆዳውን ሳይቀድ ተላቀቀ፤ እንደ ሳንቲም ክብ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ጣቴ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ልጁ ሊያጸዳልኝ ቢላዋውን ሲያነሣ ግን እጁን ያዝኩት፤ በዚያው ቢላዋ ኦክቶፐስ ሲቆርጥ አይቼዋለሁ። የራሴን ቢላዋ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሳቀና ሥራውን ቀጠለ። ከሰሉን ባለቤቴ ራሱ አቀጣጠለ፤ ዓሣውን በሁለት ድርብ የአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ራሱ አስቀመጠው።

ፀሐይ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ደሴቲቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች። ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ይቸኩላል። ስለዚህ የሰንበት ሻማሽን «ገና ብርሃን ነው» ብለሽ አታዘግዪ። ሰንበትን ባሕር አልገባንም፤ ዳር ዳሩን በእግራችን ሄድን፤ ከዛፍ ሥር ተኛን፤ እንደ ገና ተነሥተን አወራን። ባለቤቴ ስለ አባቱ ሞት ከዚያን ቀን በፊት ያልነገረኝን ነገር ነገረኝ። ይህን ሐሙስ የሚመለስ ሰው አያገኘውም ባይ ነኝ።

የአምቦበር ልጅ፦

ልጆቼ፣ እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ደሴት ሄጄ አላውቅም፤ ስለ ሰንበት ግን አንድ ነገር ልበል። ሰው ከቤቱ ሲወጣ የሚያስጨንቀው ፕላታ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሳህን የት እሰካለሁ፣ ምግቤን በምን አሞቃለሁ የሚለው ነው። በጎንደር አካባቢ ባለችው መንደራችን በአምቦበር እናቴ ዓርብ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እሳቱን ታጠፋ ነበር። ውኃው ተቀድቶ፣ ዳቦው ተጋግሮ፣ ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ነበር ሰንበት የምትገባው። እስክትወጣ ድረስ የምንበላው ቀዝቃዛ ነው፤ ቡናም አይፈላም። በብርድ ቀን እንኳ ማንም ሲያጉረመርም አልሰማሁም። አንቺ ደግሞ የምትሄጂው ወበቅ ወዳለበት አገር ነው። ዓርብ የተጠበሰው ዓሣ ቅዳሜ ቀዝቅዞ ቢበላ ምን ይጎዳል? ያን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ተይው። ዳቦሽን ከቤትሽ ጋግረሽ ያዢ፤ ባልሽ ይባርከው። ሰላም ግቡ።

የሬሆቮቷ፦

አባባ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። የተናገሩትን ለባለቤቴ አንብቤለት የአያቱን ቤት አስታወሰው። ነርሷ እህቴ፣ አንቺንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ልቤ ወደ ዛንዚባር አድልቷል። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛው ወይን ነው፤ የሰንበት መግቢያውን ቡራኬ ኪዱሹንና የመውጫውን ሀብዳላውን እንዴት አደረጋችሁ? ሁለተኛው የሴት ጉዳይ ነው። ቀኔን ስቆጥር ሚቅዌ፣ ማለትም ከወር አበባ በኋላ ለመንጻት የምንጠልቅበት ውኃ፣ የምገባበት ሌሊት ከጉዞው ሁለተኛ ቀን ላይ ሊውል ይችላል። እዚያ ሚቅዌ ፍለጋ ልዙር? ባሕሩ ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

የነታንያዋ ነርስ፦

ስላነሣሽው ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሴቶች አፍረው ሳይጠይቁ ሄደው እዚያ ይጨነቃሉ። አዎ፣ ባሕር ሚቅዌ ይሆናል። አያቴ ሌላ ምን ታውቅ ነበር? ወንዝ ነበር የምትወርደው። ነገር ግን ሦስት ነገር አስቢበት። ከሁሉ በፊት ከመሄድሽ አስቀድሞ የምትቀርቢያትን የሚቅዌ ሴት ወይም ራቢ ጠይቂ፤ ሌላ ሴት በሌለበት ማን ቆሞ እንደሚያይልሽ፣ ምን ለብሰሽ መግባት እንደምትችዪ የሚነግሩሽ እነርሱ ናቸው። ከዚያ ቦታውን ምረጪ። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄና በጃምቢያኒ ባሕሩ ሲሸሽ እጅግ ይርቃል፤ ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበት ሜዳ ሆኖ ይቀራል፤ ሌሊት ሄደሽ ቁርጭምጭሚትሽን የሚሸፍን ውኃ እንኳ ላታገኚ ትችያለሽ። በኑንግዊና በኬንድዋ በኩል ውኃው ያን ያህል አይርቅም። የባሕሩን መሙያና መሸሻ ሰዓት ዓርብ ሳይመጣ ጠይቀሽ ያዢ። የመጨረሻው ደኅንነት ነው። እኔ በድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ ይህን አጥብቄ እላለሁ፦ በጨለማ ብቻሽን፣ ሞገድ ባለበት፣ የማታውቂው ባሕር ውስጥ አትግቢ። ማዕበል ካለ ይቅር። አንድ ቀን መቆየት ይቻላል። ከተቻለሽ ግን ጉዞውን በአንድ ሳምንት ግፊው፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ወይኑን በተመለከተ የወይን ጭማቂ በሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ይዘን በልብስ ጠቅልለን ሻንጣ ውስጥ ከተትን። አንዱ ተሰብሮ የባለቤቴን ነጭ ሸሚዝ አበላሸው። ቢሆንም አልጨነቀንም፤ የዓርብ ማታውን ኪዱሽ አባባ እንዳሉት በዳቦ አደረግነው፤ የተረፈውን ጠርሙስ ለሀብዳላ አቆየነው። በሀብዳላ ተባርኮ የሚሸተተውን ቅመም ግን ከቤት አትያዢ። ዛንዚባር የቅርንፉድ አገር ናት፤ በአንድ ወቅት ቅርንፉድ በማምረት በዓለም ከሁሉ የምትበልጥ ነበረች። «ካራፉ» ይሉታል፤ ከእኛ ቅርንፉድ ጋር ስሙም ይዛመዳል። ዓርብ ከገበያ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ጭብጥ ገዛሁ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ወጥቶ ባለቤቴ ወረቀቱን ሲፈታው ሽታው ግቢውን ሞላው፤ ዘበኛው እንኳ ከአጥሩ ጥግ ተነሥቶ ምን እንደምናደርግ ሊያይ መጣ። ባረክንበት፤ እርሱም አሸተተ። የተረፈው አሁንም እቤታችን በሀብዳላ ሣጥናችን ውስጥ አለ። አድራሻሽን በግል ከላክሽልኝ ትንሽ እልክልሻለሁ፤ እስክትሄጂ ድረስ በእርሱ ባርኪ።