ሞንትፔሊየር የማን ቤት ነው?

አወያይ፦ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ከተነዳ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ኦሬንጅ ካውንቲ ይደረሳል። ገጠር ነው፤ ሜዳ፣ ከብት፣ ፈረስ። የአራተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጄምስ ማዲሰን ቤት፣ ሞንትፔሊየር፣ እዚያ ነው። በዘመናት ከ300 በላይ ሰዎች በባርነት ኖረውበታል። ቤቱን የሚያስተዳድረው ቦርድ በ2021 ሥልጣኑን ከዘሮቻቸው ኮሚቴ ጋር እኩል ለመካፈል ወሰነ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በማርች 2022 ውሳኔውን ቀለበሰ። የተቃወሙ ሠራተኞችም ተባረሩ። ጩኸቱ ሲበዛ በሜይ ኮሚቴው ካቀረባቸው ሰዎች 11 አዳዲስ አባላት መረጠ። እና እናንተ ምን ትላላችሁ? ግማሽ ሥልጣን ይገባቸዋል?

ታዛቢ፦ አይገባቸውም። ሙዚየም በሙያ እንጂ በዘር አይመራም። ሰው እዚያ የሚሄደው ማዲሰን በ1786 የድሮ መንግሥታትን ታሪክ እያነበበ ለሕገ መንግሥቱ የተዘጋጀበትን ክፍል ለማየት ነው። የባሮቹ ታሪክ ይነገር፣ ማን ጠላ? ሥልጣን ግን ሌላ ነገር ነው።

የኩልፔፐሯ፦ ወንድሜ፣ በሙያ ካልክ እንግዲህ ስማኝ። ከተባረሩት መካከል የአርኪዮሎጂ ቁፋሮው ኃላፊ ነበር። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከዘሮቹ ጎን ስለቆሙ ነው የወጡት! አንተ የምትለው ሙያ የትኛው ነው?

ደግሞ ምድር ቤቱን ሳታይ አትከራከር። ጡቦቹ ላይ ገና ጭቃ ሳሉ የነኳቸው ሰዎች የጣት ምልክት አለ። አንዳንዱ የልጅ ጣት ነው። እኔ ከላይ ያለውን ቤተ መጻሕፍት ረስቼዋለሁ፣ እነዚያን ጣቶች ግን አልረሳም። የካውንቲው ታሪክም ቢሆን ከማዲሰን አይጀምርም። ኦሬንጅ በ1734 ሲቋቋም ወሰኑ በወረቀት እስከ ሚሲሲፒ ወንዝ ይደርስ ነበር፤ ያንን አገር ያለሙት በትምባሆ ማሳ ላይ የዋሉ ሰዎች ናቸው። ካውንቲው ሳይቋቋም በ1732 የማዲሰን አያት አምብሮስ ሞተ። መርዛችሁታል ተብለው ሦስት ባሮች ተፈረደባቸው። ፖምፔይ የሚባለው ተገደለ። ቱርክና ዳይዶ ተገርፈው ወደ ሥራ ተመለሱ። የመሬቱ ታሪክ በዚህ ነው የተጀመረው።

አናጺው፦ እኔ የማየው በሌላ በኩል ነው። ዱፖንት የሚባሉት ሀብታም ቤተሰብ ቤቱን በ1901 ገዝተው በጣም አስፋፍተውት ነበር። ከ2003 እስከ 2008 ያ ሁሉ ፈርሶ በማዲሰን ዘመን ወደነበረበት ተመለሰ። ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። የዱፖንቶች የሰማንያ ዓመት ታሪክ በመዶሻ ሲነሳ «ይህ የማን ውሳኔ ነው?» ብሎ የጮኸ ትዝ ይለኛል? አይለኝም። የቱ ይቅር፣ የቱ ይፍረስ የሚለውን የሚወስነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ ወንበሩ ወሳኝ ነው።

ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ፦ ልጆቼ፣ አሜሪካን ስንወቅስ የራሳችንንም እናስታውስ። እኛ አገር ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ትናንት ማለት ነው። የመኳንንት ቤት ስናስጎበኝ ስለ ዙፋኑና ስለ ጎራዴው እናወራለን። ውሃውን ማን እንደቀዳ፣ እንጨቱን ማን እንደፈለጠ ማን ይጠይቃል?

ታዛቢ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ የባሮቹ ዘር መሆናቸውን በምን ያረጋግጣሉ? ማንም ተነስቶ «ነኝ» ቢልስ?

የኩልፔፐሯ፦ በወረቀት ነው የምትፈልገው? ማዲሰን በ1836 ሲሞት ነፃ አላወጣቸውም። ያለፈቃዳቸው አይሸጡ ብሎ ተናዞ ነበር፤ ሚስቱ ዶሊ ግን ብዙዎቹን ሸጠች፣ ቤቱንም በ1844 ሸጠች። ቤተሰብ እየተበተነ ማን መዝገብ ያዘላቸው? ፖል ጄኒንግስን ውሰድ። እዚያው በባርነት ተወለደ፣ ነፃ የወጣው በዋሽንግተን ነው። ዶሊ ደኽይታ ሳለ ከኪሱ ሳንቲም ይሰጣት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ደግሞስ በቦርዱ ለመቀመጥ የማዲሰን ዘር መሆን ይጠየቃል እንዴ? ማዲሰን እኮ ከዶሊ ልጅ አልወለደም።

አናጺው፦ 😂 እሷ ጨረሰችው።

አወያይ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በግቢው የጆርጅ ጊልሞር ጎጆ አለ። ከባርነት ከወጣ በኋላ በ1870ዎቹ የሠራው ነው። በ1910 የተሠራው ባቡር ጣቢያም አለ፤ ለነጮችና ለጥቁሮች የተለያዩ የመጠበቂያ ክፍሎች ነበሩት፣ እንዲያው እንደነበረ ታድሷል። ማዲሰንን ብቻ የሚፈልግ ሰው እነዚህን አልፎ ነው የሚሄደው።

ታዛቢ፦ ጎጆውም ጣቢያውም ይታይ፣ ደስ ይለኛል። ግማሽ ግን አልቀበልም። ሦስት አራት ወንበር ይበቃቸው ነበር።

የኩልፔፐሯ፦ ሦስት አራት ወንበር ማለት ድምፅ በተሰጠ ቁጥር መሸነፍ ነው። በማርች 2022 የሆነው እኮ ይኸው ነው፤ ብዙሃኑ እጁን አወጣ፣ የተስማሙበት ቀረ።