ፊልም ማመን የማን ሥራ ነው? ከታይታኒክ ሳንቃ የተነሳ ክርክር

ጠያቂው፦ ቅዳሜ ማታ ቤታችን ታይታኒክ ተከፈተ። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። መርከቧ ሰምጣ፣ ሮዝ ተንሳፋፊ ሳንቃ ላይ ተኝታ፣ ፍቅረኛዋ ጃክ ውሃ ውስጥ ሆኖ እጇን ይዞ ሲንቀጠቀጥ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። የአጎቴ ልጅ ብድግ አለና "ሳንቃው እኮ ለሁለት ይበቃል! ዝም ብሎ ነው የሚሞተው" አለ። እናቴ "ምን አገባህ አንተ!" ብላ ጮኸችበት። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የእኔ አቋም፦ ፊልም ልታይ ከተቀመጥክ አምነህ ተቀመጥ። ካልሆነ ዜና ክፈት። እስቲ ተከራከሩ።

የፊዚክስ መምህሩ፦ እናትህን አክብሬ ከልጁ ጋር ነኝ። ስሌቱን ግን ስቷል። ነገሩ የቦታ ሳይሆን የመንሳፈፍ ነው፤ ሁለቱም ቢወጡበት ሳንቃው ይሰምጣል። ያም ሆኖ ተመልካች አለቅም ስላለ ነው ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በቴሌቪዥን በታየ ሙከራ፣ ሁለት ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገብቶ የፈተነው። በአንዱ ሙከራ ጃክ ሊተርፍ ይችል እንደነበር ታየ። ኒል ዲግራስ ታይሰን የተባለው የጠፈር ሊቅም ሰማዩ ላይ ያሉት ኮከቦች የዚያ ሌሊት ኮከቦች አይደሉም ብሎ ነዝንዞታል። ካሜሮን በ2012 ፊልሙ በድጋሚ ሲወጣ ሰማዩን አስተካከለ። ተጠራጣሪ ይጠቅማል።

ጠያቂው፦ መምህር፣ ሰው እየሞተ እርስዎ ኮከብ ይቆጥራሉ?

የድምፅ ኤዲተሩ፦ እኔ በዚህ ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። "እውነት" ስትሉ ሳቄ ይመጣል። የእውነት ቡጢ ይህን ያህል ድምፅ የለውም። እንዳለ ብንተወው "አልተመታም" ትሉናላችሁ። ስለዚህ ቆዳ እንመታለን፣ ሥጋ እንመታለን። ብዙ ፊልም ላይ አጥንት ሲሰበር የምትሰሙት ሴለሪ የሚባል አትክልት ሲቀነጠስ ነው። እኔ በካሮት ሞክሬ ሠርቶልኛል። እናንተም ትሳቀቃላችሁ። ሰው የሚያምነው የለመደውን ነው።

የካዛንቺሷ፦ እሱስ ልክ ነህ። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀምር የቱርኩ ሰውዬ አፉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነበር። ኢስታንቡል ቁጭ ብሎ "ምን ሆነሻል የኔ ቆንጆ" ይላል። ሁለት ቀን ሳቅን። በሦስተኛው ቡና አፍልተን ጠበቅነው። በራሳችን ፊልም ግን ትናንት ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ጄል ጥፍር ተሠርታ ሽንኩርት ስትከትፍ ካየሁ ሪሞቱን ነው የማነሳው። አያቴ "ተረት ተረት" ስትል "የላም በረት" እንል የለ? ከዚያ በኋላ ጅብ ቢናገርም የሚገርመው የለም። ቅድም የተበላችው አህያ ተመልሳ ከመጣች ግን "እንዴ! ተበልታ የለ?" ብለን ተረቱን እናስቆማለን።

ጠያቂው፦ በቃ አሸነፍኩ። "የላም በረት" ያለ ሰው ስለ ሳንቃ አይጠይቅም።

የካዛንቺሷ፦ ኧረ ተው! ታይታኒክ መቼ ተረት ነኝ አለ? የመርከቧን ሳህን ሳይቀር የያኔውን አስመስሎ ያሠራ ሰው "ቁጠሩኝ" ማለቱ ነው። ቆጠርነው።

ነርሷ፦ ለጃክ ግድ የለኝም። እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ፊልም ላይ የታማሚው ልብ ይቆምና ሞኒተሩ ላይ መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ዶክተሩ "ዞር በሉ!" ብሎ በኤሌክትሪክ ይመታዋል፣ ታማሚው ትንፋሹን ስቦ ይነሳል። ቀጥ ላለ መስመር ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ደረት መጫንና አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት ነው። ኤሌክትሪኩ ልብ ሥርዓት አጥቶ ሲርገበገብ ነው። እሺ፣ ይሄን ማወቅ የእኔ ሥራ ነው እንበል። ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በሦስት የቴሌቪዥን ተከታታዮች ላይ ልባቸው ቆሞ ደረታቸው የተጫኑትን ሰዎች ቆጥረው ነበር። 75 በመቶው ወዲያው ተርፈዋል። ዋርድ ውስጥ ያን ያህል ቢሆንልን ምናለ! ቤተሰብ ግን ያንን እያየ ኖሮ ነው የሚመጣው። በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

የድምፅ ኤዲተሩ፦ ሲስተር፣ ያቺን "ቢፕ" የምከታት እኔ ነኝ። ዳይሬክተሩ "ረዘም አድርጋት" ይለኛል። ባሳጥራት ማን ያለቅሳል?

ነርሷ፦ አስለቅሱ። አታስነሱት ብቻ።

ጠያቂው፦ ስለ ሳንቃው አቋሜ ያው ነው። ሲስተር የጻፍሽውን ግን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። አባቴ ያረፈ ጊዜ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለት ሰው እየተቀያየረ ደረቱን ሲጫን አይታለች። "ለምን በኤሌክትሪክ አልነኩትም እያልኩ ስንት ዓመቴ" አለችኝ። ከዚያ እንደገና እንዳነብላት ጠየቀችኝ።