የልጆች የደም ካንሰር አንዳንድ ቦታ ላይ ለምን ይበዛል? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከናንተ መሃል የሕብረተሰብ ጤና የተማረ ካለ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የልጆች ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) በአንዳንድ አካባቢዎች በዝቶ ስለመታየቱ ነው። እንግሊዝ አገር ከሴላፊልድ የኒውክሌር ጣቢያ አጠገብ ባለችው ሲስኬል መንደር በሽታው ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው የብላክ ኮሚቴ በ1984 እ.ኤ.አ. አረጋገጠ፣ ግን የጨረሩ መጠን ይህን ሊያደርስ አይችልም ተባለ። ተመራማሪው ጋርድነር በ1990 በጣቢያው የሚሠሩ አባቶች ከጽንሱ በፊት ያገኛቸውን ጨረር ጠረጠሩ፤ ከሂሮሺማና ናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ልጆች ላይ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ሌላው ተመራማሪ ኪንለን ደግሞ ምክንያቱ ገለል ያለ ገጠር ውስጥ ብዙ አዲስ ሰው ሲገባ (የሕዝብ መቀላቀል) የሚዛመት ኢንፌክሽን ነው ይላሉ፤ የኒውክሌር ጣቢያ በሌለባት የስኮትላንዷ ግሌንሮዝስም ጭማሪ አግኝተዋል። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነበር።

ያስቸገረኝ የጀርመኑ ጥናት ነው። በ2007 የወጣው ውጤት ከ16 የኒውክሌር ጣቢያዎች በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ በሚኖሩ ከ5 ዓመት በታች ልጆች ላይ የሉኪሚያ አደጋ እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። እዚያም ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው። ታዲያ ርቀቱ ለምን ለውጥ ያመጣል? የሕዝብ መቀላቀል ብቻውን ይሄን ያብራራል? ወይስ የታመሙት ጥቂት ስለሆኑ አጋጣሚ ነው? አጋጣሚውን ከእውነተኛው በምን ትለዩታላችሁ? የታመሙ ልጆች ወላጆች ትክክለኛ መልስ ይገባቸዋል፣ በግምት መጻፍ አልፈልግም። ስሌቱን ቀለል አድርጎ የሚያስረዳኝ ካለ እባካችሁ።